አርቪላ የሳለችው ሪመር

አርቪላ ባየርሊ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ምንም ነገር አትለካም። ብረትም እንደ ሰው ጠዋት ጠዋት ይኮማተራል ባይ ናት። ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ ጠረጴዛውን እስክታሞቀው ድረስ ወለሉን ትጠርጋለች፣ የስለት መሳያ ማሽኑን በዘይት ጨርቅ ትወለውላለች፣ ለድመቷ ወተት ትቀዳለች። ከዚያ በኋላ ነው ማይክሮሜትሩን ከሱፍ ጨርቁ አውጥታ የምትቀመጠው።

የምትሠራው ከቤቷ ጀርባ ባለች የድንጋይ ክፍል ውስጥ ነው፤ አማቷ በሕይወት ሳሉ የወተት ጣሳ የሚያቀዘቅዙባት ክፍል ነበረች። ከሎረል ሸለቆ ወርዶ ባለው ከተማ፣ በመቁረጫ መሣሪያ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለት ስትስል ኖራለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሠራተኛ የስንብት ሰዓቱን አስሮ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እሷ ግን የራሷን ማሽን በጨረታ ገዝታ አስጭና መጣች። አራት ጎረምሶች ቀኑን ሙሉ ደክመው ነው በበሩ ያስገቡት። ክርኗ ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ላይ ቀለሙ ለቅቆ ብረቱ እስከ ዛሬ ያበራል።

በዚያ ማሽን የምትሠራው ሪመር ነው። ሪመር የጥይት ቅርጽ ያለው፣ ጎንና ጎኑ ስለት የሆነ የብረት ጣት ነው። በሸለቆው ማዶ የሚኖረው ጠብመንጃ ሠሪው ሜርል ኮንፈር ይህን ጣት ቶርኖ ላይ በታሰረ አዲስ አፈሙዝ ውስጥ ቀስ እያለ ያስገባና ጥይቱ የሚተኛበትን ማደሪያ ይቆርጥበታል። አርቪላ ሪመሩ ላይ አንዲት ሺኛ ኢንች ከተሳሳተች፣ ጠብመንጃውም ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ሺኛ ተሳስቶ ይኖራል። የሰው ጠጉር ውፍረቱ ሦስት ሺኛ ገደማ መሆኑን ያሰበ፣ አርቪላ ለምን ከአራት ሰዓት በፊት እንደማትለካ ይገባዋል።

አርቪላ ዓይን አፋር ናት። ስልኩ ሲጮህ ቆማ እስኪያቆም ትጠብቀዋለች። ስለዚህ ደንበኞቿ ትእዛዛቸውን የሚያስቀምጡት በሯ ላይ ባለው አሮጌ የወተት ሣጥን ውስጥ ነው። አንዱ በወረቀት ጽፎ፣ አንዱ የጥይት ቀለሆቹን በካልሲ ቋጥሮ፣ ሌላው ደግሞ ከትእዛዙ ጋር አንድ ደርዘን ዕንቁላል ጨምሮ ጥሎላት ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ ሪመሩ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ እዚያው ሣጥን ውስጥ ይገኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሁኔታ ከሰው ጋር ሳትጣላ፣ ብዙም ሳትነጋገር ሠራች።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ በረዶው ገና ከአጥሩ ሥር ሳይቀልጥ፣ ክሌር ሆስተርማን በፒክአፑ መጣ። ክሌር ድንች ገበሬ ነው፤ ትራክተር ላይ ሆኖ መናገር ስለለመደ ድምፁ ሳሎን ውስጥም አይቀንስም። ሰዎች በሺህ ያርድ ርቀት ነጭ ወረቀት ላይ አሥር ጥይት ተኩሰው ቀዳዳዎቹን ማን ይበልጥ እንዳቀራረበ በሚወዳደሩበት በሸለቆው የተኩስ ክለብ ዋንጫውን ሦስት ጊዜ ወስዷል። ክሌር የሠራውን ሌላው ይሠራል፤ ክሌር ባርኔጣ ቢቀይር እንኳ በወሩ ግማሹ ክለብ ባርኔጣ ይቀይራል።

«አርቪላ፣ ጠባብ ነው የምፈልገው» አላት ከበሩ ላይ። «ጠባብ! ቀለሁ ማደሪያው ውስጥ ሲተኛ መተንፈሻ እንኳ እንዳይኖረው። ሰፊ አልጋ ላይ የተኛ ይገላበጣል።»

አምስት ያልተተኮሱ ቀለሆችና የራሱን መጭመቂያ ሣጥኑ ውስጥ ትቶ ሄደ። ቀለህ ሲተኮስ ይነፋና የማደሪያውን ቅርጽ ይይዛል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቀለህ አይጥሉም፤ በመጭመቂያው ውስጥ ገፍተው ትንሽ ያከሱትና ባሩድና አረር ሞልተው ደግመው ደጋግመው ይተኩሱታል።

አርቪላ ሁለቱንም ለካች። ክሌር የፈለገው ማደሪያ ግርጌው ላይ ከአዲሱ ቀለህ እምብዛም አይሰፋም። መጭመቂያውን ስትለካው ግን ግርጌው ላይ ከማደሪያው ጋር እኩል ሆኖ አገኘችው። ደግማ ለካች። እኩል ነው። ታዲያ ቀለሁ ማደሪያውን ሞልቶ ከወጣ በኋላ መጭመቂያው ምኑን ይዞ ይጨምቀዋል? እርሳሷን አነሣችና የሪመሩ የልክ ሥዕል ጥግ ላይ በደቃቃ ፊደል «መጭመቂያው እዚህ አይነካም» ብላ ጻፈች።

ክሌር ሥዕሉን ሊያይ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ፣ የምትነግረውን ዐረፍተ ነገር ጠዋት ለድመቷ ሁለት ጊዜ ነግራ ተለማምዳበት ነበር። እሱ ግን ስለ ድንቹ ጀመረ፤ ከድንቹ ወደ ጉልበቱ ሕመም፣ ከጉልበቱ ወደ ነፋሱ፣ ከነፋሱ ወደ ዋንጫው ተሻገረ። አርቪላ ሁለቴ አፏን ከፈተች፤ ሁለቴም ዘጋችው። ሲጨርስ «ያው እንዳልኩሽ ነው አይደል?» አላት።

«እሺ» አለች።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አንዳንዴ ግን ዝንቡ ሌላ መግቢያ አያጣም።

ሜርል በዚያ ሪመር የሦስት አፈሙዝ ማደሪያ ቆረጠ፤ አንዱን ለክሌር፣ አንዱን ክሌርን ለሚከተል ጎረቤቱ፣ አንዱን ለራሱ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ማር ነበር። ቀለሆቹ ሦስተኛ ተኩሳቸው ላይ ሲደርሱ ግን ማቀባበያው መንከስ ጀመረ። እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ መጨረሻው ላይ «ቀጭ» ይልና ይይዛል፤ በጉልበት ካልሆነ አይከፈትም። በሌላ ቦታ ይህ ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ክለብ ግን አንድ ሰው አሥሩን ጥይት ነፋሱ አቅጣጫ ሳይቀይር አከታትሎ መጨረስ አለበት፤ እያንዳንዱ «ቀጭ» ጠብመንጃውን ከአሸዋ ከረጢቱ ላይ ያንሸራትተዋል፣ ጊዜም ይበላል። ክሌር በግንቦቱ ውድድር ከዙሩ ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ወጣ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አርቪላ ነገሩን የሰማችው ከሁሉም ኋላ ነው። የነገረቻት የሟች ባሏ እህት ፈርን ናት። ፈርን የክለቡን ወጥ ቤት የምታስተዳድር፣ የቦሎቄና የአሳማ እግር ሾርባዋን ሰው ከሌላ አውራጃ መጥቶ የሚጠጣላት ሴት ናት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረች።

«ክሌር በወጥ ቤቱ መስኮቴ ፊት ቆሞ፣ ሾርባዬን እየጠጣ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አለ መሰለሽ? ‹አርቪላ ዓይኗ ደክሟል፣ ሪመሯ ጠማማ ነው› አለ። ጭልፋዬን ልወረውርበት ነበር!»

«ወረወርሽው?»

«ሾርባውን በምን እቀዳለሁ ብዬ ተውኩት።»

ማክሰኞ ሜርል ራሱ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ የመሳያ ማሽኑን፣ ድመቷን፣ ጣሪያውን አየ፤ እሷን ግን አላየም።

«እትዬ አርቪላ፣ የክለቡ ሰዎች ተሰብስበው ተነጋገሩ። በምዕራብ በኩል ካለ ትልቅ ሱቅ ሪመር ይታዘዝ ብለዋል። እኔ እስከ ነሐሴው ውድድር ታገሡ አልኳቸው። እስከዚያ የማቀባበያው ችግር ካልተፈታ ግን...»

«ካልተፈታ ሪመር ከኔ አትወስድም።»

«እኔ ልተውሽ ብዬ አይደለም! ደንበኛው እምቢ ካለ ምን አደርጋለሁ?»

አርቪላ የማሽኑን ብሩህ ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ሜርል ካልወሰደ ሌላ የሚወስድ የለም። ያ ማሽን ጨርቅ ለብሶ ይቆማል ማለት ነው፤ ለእሷም ጠዋት ፀሐይ ጠረጴዛውን ብታሞቀው ባታሞቀው ለውጥ አይኖረውም።

«ሪመሩን አምጣልኝ» አለችው። «የክሌርን መጭመቂያና ሦስት ጊዜ የተተኮሱ ቀለሆችም። በዘይት እንዳትወለውልብኝ።»

በማግስቱ ሁሉንም አመጣላት፤ ቀለሆቹ ሠላሳ ነበሩ። አራት ሰዓት እስኪሆን ጠበቀች። ከዚያ ሪመሩን ከጫፍ እስከ ግርጌ በአሥራ አንድ ቦታ ለካችው። የትም ላይ ከሥዕሉ ከሺኛ አንድ አሥረኛ በላይ አልራቀም። ጠማማ አይደለም፤ እጇም ዓይኗም አልከዷትም። ቀጥላ ሠላሳዎቹን ቀለሆች ለካች፤ ሁሉም ግርጌያቸው ላይ ማደሪያውን ልክክ አድርገው ሞልተው ነበር። በመጨረሻ የሥዕሉን ግልባጭ ከመሳቢያ አወጣች። ጥጉ ላይ የራሷ የእርሳስ ጽሕፈት ቁጭ ብሏል፤ «መጭመቂያው እዚህ አይነካም»።

ማታ ሻይ ልትጠጣ የመጣችው ፈርን ሥዕሉን ስታይ ብድግ አለች። «ይኸው! ቀድመሽ አውቀሽዋል! ወስደሽ የክለቡ በር ላይ ለጥፊውና ሁሉም ያንብበው!»

«ምን ብለው ያነባሉ? አውቃ ዝም አለች ብለው ነው የሚያነቡት።»

ፈርን ሥዕሉን ቀስ ብላ ወደ መሳቢያው መለሰችው።

ቅዳሜ ዕለት አርቪላ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ፣ መጭመቂያውን፣ ሦስት ቀለህና አንድ ጥቁር ማርከር በቅርጫት ይዛ ወደ ሜርል ጋራዥ ሄደች። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሌርና ወዳጆቹ እዚያ እንደሚሰበሰቡ ታውቃለች። ገብታ ክሌር ፊት ቆመች። ቅርጫቱን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ክሌር፣ እንዳትናገር» አለች። ድምፁ ከእሷ መውጣቱ ራሷንም አስደነገጣት። «እስክጨርስ ድረስ ብቻ።»

ክሌር አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንዱ ከኋላ «ቀኑን በወረቀት ጻፉልኝ» አለ።

አርቪላ አንዱን ቀለህ ከአንገቱ እስከ ግርጌው በማርከሩ አጠቆረችው። መጭመቂያው በሜርል ማሽን ላይ ታሰረ፤ ቀለሁም ተገፍቶ ገባ፣ ወጣም። አርቪላ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አነሣችው። አንገቱ ላይ ቀለሙ ተፍቋል፣ ትከሻው ተፍቋል፣ ሆዱ ተፍቋል። ግርጌው ዙሪያ ግን እንደ ቀለበት ያለ ጥቁር ቀርቷል።

ክሌር ቀለሁን ከእጇ ወሰደና አገላብጦ አየው። ሁለተኛውን ራሱ አጠቆረና ራሱ ገፋው። ያው ቀለበት። ሦስተኛውንም።

«አይነካውም» አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ። «ማደሪያውን ሞልቶ ይወጣል፣ ሳይጨመቅ ይመለሳል። አይነክስም ታዲያ? እና ጥፋቱ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች አርቪላ። «ሥዕሉን ስሠራ አይቼዋለሁ። አልነገርኩህም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስታወራ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። አንተም እንደ ማደሪያህ ነህ።»

ጋራዡ በሳቅ ተናወጠ። ሜርል እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ክሌር ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ እሱም ሳያስበው ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ አርቪላ ነገሯን ጨረሰች፤ ከጀመረች አይቀር ብላ። «እስከ ዛሬ ሁላችሁም ሪመሩን ታዙና መጭመቂያውን በኋላ ትፈልጋላችሁ። ገልብጡት። መጀመሪያ መጭመቂያው ይምጣልኝ። ቀጥሎ ቀለሁ፤ አዲሱ ሳይሆን ሦስት ጊዜ የተተኮሰው፤ ያኔ ነው እውነተኛ ልኩን የሚናገረው። ማደሪያው የሚሠራው በመጨረሻ፣ ለሁለቱ ተብሎ ነው። የዚህኛው ግርጌ አንድ ተኩል ሺኛ መስፋት አለበት።»

«መስፋት?» ክሌር ከወንበሩ ተነሣ። «አርቪላ፣ ሰፊ ማደሪያ ጥይት ይበትናል! ይህን ሕፃን እንኳ ያውቃል።»

«የጠጉር ግማሽ ነው።»

«የጠጉር ግማሽም ቢሆን! የኔን አፈሙዝ እንዳትነኩት። አንዴ ብቻ የተተኮሱ ቀለሆች ይዤ ገብቼ ዋንጫውን እወስድና እናያለን።»

ሜርል ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔን አስፊው፣ እትዬ አርቪላ።»

አሁን ሰዎቹ በሜርል ሳቁ። ሜርል የሌላውን ጠብመንጃ አሳምሮ ይሠራል እንጂ ተኩስ ላይ የታወቀ አይደለም፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ከክለቡ ያሸነፈው አንድ የአሳማ ታፋ ነው፣ እሱንም በዕጣ። «ሜርል ተራራ እንኳ ይስታል!» አለ አንዱ። «ተራራው ቢንቀሳቀስ ነዋ» አለ ሜርል፣ ሳይቀየም።

አርቪላ አዲሱን ሪመር ለመሥራት ሐምሌን ሙሉ ወሰደባት። ሦስት ሪመር ስላ ሦስቱንም አሳደረች፤ ብረት ከተሳለ በኋላ ሲያድር ልቡን ይገልጣል ትላለች። ሁለቱን በሩብ ሺኛ ልኩን ስለሳቱ ጣለቻቸው። ሦስተኛውን በሰም ወረቀት ጠቀለለችና ሣጥኑ ውስጥ ሳትከት፣ በእጇ ለሜርል ሰጠችው።

በነሐሴው ውድድር ጠዋት ጭጋጉ ከሸለቆው ሲነሣ፣ ከሺህ ያርድ ወዲያ ተራራው ሥር ያሉት ነጭ ወረቀቶች እንደ ቴምብር ትንንሽ ሆነው ታዩ። የነፋስ ባንዲራዎቹ ዝም ብለው ተንጠልጥለዋል። አርቪላ ከገመዱ ኋላ፣ ጆሮዋ ላይ የተኩስ መከላከያ አድርጋ ቆመች። እዚህ መስመር ድረስ መጥታ አታውቅም። ሜርልና ክሌር አንድ ዙር ውስጥ፣ ጎን ለጎን ባሉ ጠረጴዛዎች ደርሷቸዋል።

ዒላማውን አላየችም፤ የዓይኗ ሥራ እዚያ አልነበረም። ያየችው የሜርልን ቀኝ እጅና የአሸዋ ከረጢቱን ነው።

መጀመሪያው ተኩስ። ሜርል እጀታውን በሁለት ጣቱ አነሣው፤ ተነሣ። ጠብመንጃው ከረጢቱ ላይ እንደተኛ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ቀለሆቹ አምስት ጊዜ የተተኮሱ ናቸው፤ ራሷ ቆጥራ ነው የሰጠችው። አራተኛው ላይ እጀታው ቢነክስ፣ ሜርል አውራ ጣቱን መጨመር ነበረበት። አልጨመረም። አምስት። ስድስት። ሰባት። የሰው እጅ ሳይሆን የልብስ ስፌት መኪና ይመስል ነበር። አሥረኛው ቀለህ ወድቆ ሲንከባለል፣ ባንዲራዎቹ ገና እንደተንጠለጠሉ ነበሩ።

ከጎኑ ግን አፈሙዙ ሲግል የክሌር አንዴ የተተኮሱ ቀለሆችም መንከስ ጀመሩ፤ አምስተኛው ላይ እጀታውን በመዳፉ ሲመታ አየች። ስድስተኛው ላይ ጠብመንጃው ተንሸራተተና ከረጢቱን እንደገና አስተካከለ። ሰባተኛውን ሊተኩስ ሲያነጣጥር ባንዲራዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ግራ ተነሡ።

ወረቀቶቹ በፒክአፕ መጡ። የክሌር ስድስት ቀዳዳ አንድ ላይ፣ አራቱ ነፋሱን ተከትለው ሄደዋል፤ ከዳር እስከ ዳር አሥራ አራት ኢንች። የሜርልን የለካው ሰውዬ ግን መለኪያውን አነሣ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ለካ።

«አምስት ኢንች ከአንድ ስምንተኛ» አለ። «ማን ተኮሰው?»

«ሜርል።»

«ሜርል የቱ?»

እስከ ማታ አርባ ሰው ያንን ልክ ሊያሳንስ ሞከረ፤ አንድም አልቻለም። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ የክለቡ ፕሬዚዳንት በድምፅ ማጉያው ዋንጫው የሜርል መሆኑን ተናገረ። ሜርል ዋንጫውን እንደ ታማሚ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ መጣ። አርቪላ ፈርን ጎን ቆማ፣ በቀይ ሥር ውኃ የተዘፈዘፈ ዕንቁላል እየቆረጠች ነበር። ዋንጫውን መስኮቱ ላይ፣ ፊቷ አቆመው።

ከኋላው ክሌር ሆስተርማን መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ግንቦት ላይ በቆመበት ቦታ ቆሞ፣ በዚያው በትራክተር ድምፁ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ።

«እዚህ ቆሜ የአርቪላ ዓይን ደክሟል ብዬ ነበር። ዓይኗ ያየውን የኔ አፍ ነው የሸፈነው። ሪመሯ ቀጥ ያለ ነው፤ ጠማማው እኔ ነኝ። ያልሰማ ካለ እደግመዋለሁ!»

«ሰማንህ!» አለች ፈርን። «የተኙትም ሰምተውሃል! በል ሾርባህን ያዝ።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አርቪላ እንደ ወትሮው አቀርቅራ ወደ ጓዳ ልትገባ ነበር፤ እግሯ ግን እንቢ አላት። ቆመችና ጭብጨባውን እስከ መጨረሻው ሰማችው። እጆቿ ከቀይ ሥሩ የተነሣ እስከ ክርኗ ቀልተዋል፣ ፊቷም እንዲሁ።

ሰኞ ጠዋት የወተት ሣጥኑ አልዘጋ ብሎ አገኘችው። መጭመቂያዎች፣ ሦስት ሦስት ጊዜ የተተኮሱ ቀለሆች፣ ዘጠኝ ትእዛዝ፤ ከላይ ደግሞ ከክሌር አንድ ከረጢት ድንች። የክሌር ወረቀት ላይ «መጭመቂያው ይኸው፣ ቀለሁ ይኸው። ማደሪያውን አንቺ ታውቂያለሽ። አንገቱን ብቻ እጅግ ጠባብ አድርጊልኝ» ይላል።

አራት ሰዓት ሲሆን አንገቱን ለካች። ክሌር እንዳለው ቢጠብ ቀለሁ ሲተኮስ አረሩን የሚለቅበት ክፍተት አይኖረውም። እርሳሷን አነሣች፤ ሥዕሉ ጥግ ላይ ልትጽፍ እጇ ወረደ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠችና ወደ ቤት ገባች፤ ስልኩን አነሣች።

«ሃሎ?» አለ የክሌር ድምፅ። «ማን ነው?»

«አርቪላ ነኝ። አንገቱ በዚያ ልክ አይሆንም፤ አልሠራውም።»

በዚያኛው ጫፍ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ቀጥይ» አላት ክሌር። «እየሰማሁሽ ነው።»